ከአይጧ በፊት ጥያቄሽን ምረጪ

ከባሕር ዳር የደረሰኝ ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «የባዮኬሚስትሪ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የቫይታሚን ሲ እጥረት በጉበት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በነጭ አይጥ ላጠና አስቤያለሁ። ጓደኞቼ ግን የአይጥ ጥናት ሥራ አያስገኝም፣ ሕዝብ ጤና ይሻልሻል ይሉኛል። ልተወው?»

እህቴ፣ መስኩን አትተዪው። ርዕሱን ግን ቀይሪው።

አይጥ ቫይታሚን ሲን ራሷ ጉበቷ ውስጥ ትሠራለች። ከምግቧ ብታስቀሪባትም አይጎድልባትም። እኛ ሰዎች ግን የመጨረሻውን ደረጃ የሚሠራው ኢንዛይም የለንም። ጊኒ ፒግ የምትባለው ትንሽ የቤተ ሙከራ እንስሳም እንደኛው ናት። እ.ኤ.አ. በ1907 ሆልስትና ፍሮሊክ የተባሉ ኖርዌያውያን የመርከበኞችን ቤሪቤሪ (የቫይታሚን ቢ1 እጥረት በሽታ) ሊያጠኑ ጊኒ ፒጎችን እህል ብቻ መገቡ። እንስሶቹን የያዛቸው ግን ስከርቪ፣ ማለትም የቫይታሚን ሲ እጥረት በሽታ፣ ሆኖ ተገኘ። አይጥ መርጠው ቢሆን ኖሮ ይህን ባላዩት ነበር። ስለዚህ ቫይታሚን ሲን ካልሽ ወይ ጊኒ ፒግ፣ ወይ የዚያ ኢንዛይም ጂን እንዳይሠራ የተደረገባት አይጥ ያስፈልግሻል።

ያለሽ ተራ ነጭ አይጥ ብቻ ከሆነ ወደ ቫይታሚን ኤ ዙሪ። እጥረቱ በሰውነት ላይ ምን እንደሚያደርስ ለማየት አይጥ ጥሩ ናት። ግን ተጠንቀቂ፤ ባሕር ዳር ሆነሽ ማንጎ ሳያምርሽ አይቀርም። አይጥ የማንጎውን ቤታ ካሮቲን (ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረውን ቢጫ ቀለም) አብዛኛውን አንጀቷ ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ ትቀይረዋለች። ሰው ግን ከፊሉን እንዳለ ወደ ደሙ ያስገባል። «አንድ ልጅ ከማንጎ ምን ያህል ያገኛል?» የሚለውን ከአይጥ አትመልሺውም።

ቫይታሚን ኬንና ቢዎቹን ከመረጥሽ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አይጥ ኩሷን ትበላለች፤ አንጀቷ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የሠሩትን ቫይታሚን መልሳ ታገኛለች። የሽቦ ወለል ያለው ጎጆ ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያስቀረውም።

ሥራውን በተመለከተ ጓደኞችሽ ግማሽ እውነት አላቸው። «የአይጥ ተመራማሪ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ እምብዛም አታገኚም። ግን ደም መቅዳት፣ ናሙናን ከብርሃን ጠብቆ ማስቀመጥ፣ ሬቲኖልን (ደም ውስጥ ያለውን የቫይታሚን ኤ ዓይነት) በኤችፒኤልሲ (ውህዶችን ነጣጥሎ በሚለካ መሣሪያ) መለካት፣ ውጤቱን በስታቲስቲክስ መተንተን ትማሪያለሽ። የሰው ደም ቫይታሚን ኤም የሚለካው በዚሁ መሣሪያ ነው። የምግብ ጥራት ላቦራቶሪም ሆነ የሥነ ምግብ ምርምር ተቋም ይህን የሚችል ሰው ይፈልጋል። ሲቪሽ ላይ የምትችይውን ጻፊ፤ «በአይጥ ላይ ጥናት ሠርቻለሁ» ብቻ ብለሽ አትለፊ።

አንድ ነገር ግን ራስሽን ጠይቂ። ለጥምቀት ሰው ሁሉ ሲወጣ አንቺ ውኃና መኖ ልትሰጪ ትገቢያለሽ። እንስሳቱ እንዳይሠቃዩ መጠንቀቅም ያንቺ ኃላፊነት ነው፤ ቁጥራቸውም ከሚያስፈልገው መብለጥ የለበትም። ይህ የሚከብድሽ ከሆነ ሕዝብ ጤና ግቢ፤ ምንም ነውር የለውም።

ካልከበደሽ በዚህ ሳምንት አማካሪሽ ዘንድ ሂጂ። የትኛው እንስሳ እንዳለ፣ ኤችፒኤልሲው እንደሚሠራና ኬሚካሉ መኖሩን ጠይቂ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ሳይፈቅድ አንድም እንስሳ አትግዢ።