ከደብረ ብርሃን ተነስተን በባቡር፦ አዳማ ወይስ ድሬዳዋ?

ትምህርት ሲዘጋ ልጆች ይዘን በባቡር ወዴት እንሂድ የሚለው ጥያቄ በዝቶብኛል። ሁለቱንም ከልጆቼ ጋር ሄጄባቸዋለሁና ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከጠባሴ)፦ የ6 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉኝ። ያለን 3 ቀን ነው። የቱ ይሻለናል?

መልስ፦ እህቴ፣ በ3 ቀን አዳማ ሂጂ። እኛ ሰዎች ኪሎ ሜትሩን እንጂ አዳሩን አንቆጥርም። ከዚህ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ መኪናው የሚያወርድሽ ላምበረት ነው። ባቡሩ የሚነሳው ግን ከለቡ፣ ከከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ ያውም ጠዋት። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሌሊት አዲስ አበባ ማደር ግድ ነው። በማግስቱ አዳማ ገብተሽ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሶደሬ ፍል ውሃው አለልሽ፤ በሦስተኛው ቀን ቤትሽ ነሽ። ድሬዳዋ ከሆነ ግን መሄጃው አንድ ሙሉ ቀን፣ መመለሻው ሌላ ቀን ነው። ከ5 ቀን በታች ካለሽ አልመክርሽም።

ጥያቄ፦ ለአዳማማ ባቡር ምን ያደርጋል? በፍጥነት መንገዱ አውቶቡስ አይቀልም?

መልስ፦ ይቀላል ወንድሜ፣ አልከራከርህም። ጣቢያዎቹ የተሠሩት ከከተሞቹ ወጣ ብለው ነው፤ ለቡ ለመድረስ ትደክማለህ፣ አዳማ ስትወርድ ደግሞ ወደ ከተማው ሌላ መኪና ትይዛለህ። እኔ ስሄድ በባቡር፣ ስመለስ በአውቶቡስ አደረግሁት። ልጆቹ ባቡር አዩ፣ እኔም ወገቤ ተረፈ። ትንሹ ልጄ ግን «ጭሱ የታለ?» እያለ አዳማ እስክንደርስ አደረቀኝ። በኤሌክትሪክ እንደሚሄድ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ጥያቄ (አንዲት እናት)፦ ልጄ፣ ከልጅ ልጆቼ ጋር ድሬን ልያት ብዬ ነበር። ሙቀቱ ይጎዳኝ ይሆን?

መልስ፦ እማማ፣ እርስዎ የለመዱት የ2,800 ሜትር ብርድ ነው፤ ድሬ 1,200 አካባቢ ናት። ግንቦትና ሰኔን ይተዉት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ይሂዱ። ጋቢዎን ግን አይተዉ፣ የለቡ ጠዋት እንደኛው ነው። አልጋ ያለው ፉርጎ ካገኙ የታችኛውን ያስይዙ፤ ላይኛው መውጣት ለጉልበት አይሆንም። ወባ አለና አጎበር ያለው ማረፊያ ይምረጡ። ሙቀቱ ከበዛብዎ ሐረር ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አትርቅም፣ አየሯም ደጋ ቀመስ ነው። ማታ ሰው ጅብ ሲያበላም ለልጆቹ ያሳዩዋቸው።

ጥያቄ፦ ድሬ ራሷ ለልጅ ምን አላት? ዋና ገንዳ እንኳ የሌላት ይመስለኛል።

መልስ፦ ዋና ከሆነ ሶደሬ ያሸንፋል። ባቡር ለሚወድ ልጅ ግን ድሬን የሚያህል የለም፤ ከተማዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። አንጎለላ፣ እዚሁ አጠገባችን የተወለዱት ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የሐዲዱን ፈቃድ ለስዊዛዊው አልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። ሐዲዱ ሐረር እንዳይወጣ ተራራው ስለከለከለ፣ ከታች ሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ መጀመሪያም አዲስ ሐረር ይሏት ነበር። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ደረሰ፣ አዲስ አበባ ለመግባት ግን እስከ 1909 ዓ.ም. ፈጀበት። አሮጌው ጣቢያ ዛሬም ከዚራ ሰፈር ውስጥ አለ። ልጁ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ስፋት በጫማው ይለካው፦ አሮጌው 1 ሜትር ነው፣ አዲሱ ወደ 1 ሜትር ከ43 ሴንቲ ሜትር ተኩል። የእኔ ትልቁ ልጅ ከዚህ በላይ የወደደው ነገር የለም። ከዚያ የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ መጋላ ሰፈር፣ ቀፊራ ገበያ ግቡ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ በክረምት ግን አትናቁት፣ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሌሊት ሞልቶ ብዙ ሰው ጨርሷል።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ በእኛ በኩልስ ባቡር የለም?

መልስ፦ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው 392 ኪሎ ሜትር መስመር ለመንገደኛ አልተከፈተም። ለጊዜው እናንተም በአዲስ አበባ ናችሁ። ሙቀቱን ግን እናንተ ለምዳችሁታል፣ ድሬ ለእናንተ ቤት ነች።

ጥያቄ፦ ቲኬት፣ ምግብ?

መልስ፦ መታወቂያ ያዙ። ባቡሩ የሚወጣበትን ቀን ሳታረጋግጡ ከቤት አትውጡ፤ እኔ አንዴ ሳልጠይቅ ሄጄ ከነልጆቼ ከለቡ ተመልሻለሁ። ስንቅ ዳቦ ቆሎ፣ ውሃ በብዛት።

ጥያቄ፦ እኔ ያለኝ አንድ ቀን ነው። ልጁ ደግሞ ባቡር ካልተሳፈርኩ ብሎኛል።

መልስ፦ ለቡን እርሳው። ላምበረት ስትወርድ መገናኛ ቅርብ ነው፤ ከዚያ ቀላል ባቡሩን ይዘህ እስከ ጦር ኃይሎች ሂድና ተመለስ። በድልድይ ላይ የሚሄድበት ቦታ ስላለ በመስኮት በኩል አስቀምጠው። ማታ ደብረ ብርሃን ትገባለህ።