የድልድዩን መሠረት ያራቆተው ግድቡ ነው ወይስ ጠጠር አውጪው?

ወንድሜ፣ «የድልድያችን መሠረት የተራቆተው በግድቡ ነው ወይስ በጠጠር ጫኚዎቹ?» ላልከው፣ ሁለቱም ወንዙን ያጠልቁታል፤ አካሄዳቸው ግን ለየቅል ነው። መራዊ አጠገብ እንዳለው እንደ ቆጋ ያለ ግድብ ደለሉን ያስቀራል፤ ጠርቶ የሚለቀቀው ውሃ ጭነት ስለሌለው ወለሉንና ዳሩን ይበላል። ጉዳቱ ከግድቡ ሥር ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ደቃቁ ታጥቦ ትልልቁ ድንጋይ ብቻ ይቀራል።

የጠጠር ጉድጓድ ግን ሽቅብም ይበላል! የክረምት ጎርፍ ጉድጓዱ ውስጥ ሲወድቅ የላይኛውን ጠርዝ እየናደ ወደ ምንጩ ይሄዳል። በበጋ ውሃው ሲጎድል ከጉድጓዱ ወደ ላይ ሂድና ወለሉን እይ፦ እንደ ደረጃ የተቆረጠ ቦታ በየክረምቱ ወደ ድልድዩ እየተጠጋ ከመጣ ወይም ካለፈው፣ እኔ የምጠረጥር ጠጠር አውጪዎቹን ነው። (ወለሉ ሲወርድ በዳሩ ያሉት የውሃ ጉድጓዶችም ይጎድላሉ፤ ባለቤቶቻቸውን ጠይቃቸው።)