ኩባንያ ለመቀየር ለምታስቡ ወጣት የትራክ ባለቤቶች

የራሳችሁን ትራክ ገዝታችሁ፣ በሌላ ኩባንያ ፈቃድ ሥር ሆናችሁ በአሜሪካ መንገዶች ላይ ጭነት የምታመላልሱ ወንድሞቼና እህቶቼ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ጋሼ፣ ካለሁበት ልውጣ ወይስ ልቆይ?» ለእያንዳንዳችሁ በስልክ ከመመለስ ይልቅ፣ በሥራው ላይ ከቆየሁበት ዘመንና ኩባንያ ከቀያየርኩበት ልምድ የተረዳሁትን በጽሑፍ ማስቀመጡን መርጫለሁ።

እስካሁን እንደታዘብኩት፣ የእኛ ልጆች ባሉበት የሚቆዩትም ሆነ የሚለቁት አብዛኛውን ጊዜ ተገቢ ባልሆነ ምክንያት ነው። የሚቆየው በይሉኝታ ይቆያል፤ የኩባንያው ባለቤት ያገሩ ሰው ነው፣ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ሲያወጣ ረድቶታል፣ ምናልባትም ለመጀመሪያው ትራክ የቀብድ ገንዘብ አበድሮታል፤ ስለዚህ የክፍያ ወረቀቱ ላይ ያልገባው ቅናሽ ሲያይ መጠየቁን እንደ ነውር ይቆጥረዋል። የሚለቀው ደግሞ በኩርፊያ ይለቃል፤ ጭነት የሚያከፋፍለው የኩባንያው ዲስፓቸር አንድ ቀን ጮኸበት፣ ወይም ደህናውን ሎድ (ጭነት) ለሌላ ሰው ሰጠው፣ እሱም ማታውኑ ጥሎ ይወጣል። ውለታ የሚመለስበት መንገድ ብዙ ነው፤ የወር ገቢን ሳይመረምሩ መኖር ግን ከእነዚያ መንገዶች አንዱ አይደለም። ኩርፊያም ቢሆን የባንክ ዕዳ አይከፍልም።

ባሉበት መቆየት በራሱ ዋስትና ነው ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ፣ የሎው (Yellow) የሚባለውን ኩባንያ አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1924 የተቋቋመው ይህ ትልቅ የጭነት ኩባንያ በ2023 ክረምት በሩን ሲዘጋ ወደ 30,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ሥራ አጥተዋል፤ ከነሱ መካከል ዕድሜያቸውን በሙሉ እዚያ የሠሩ ነበሩበት። ታማኝነታቸው ሊያቆየው አልቻለም።

እንግዲህ ለመወሰን ሒሳብ ያስፈልጋል፤ ሒሳቡም የሚጀምረው ከፐርሰንቱ አይደለም። ለምሳሌ በሳምንት 6,000 ዶላር የሚያወጣ ሥራ ሠራችሁ እንበል። አንደኛው ኩባንያ 88 ከመቶ ይከፍላል፤ ያ 5,280 ዶላር ነው። ነገር ግን ለኢንሹራንስ 350፣ ለትሬለር (ትራኩ ለሚጎትተው የጭነት ተሳቢ) ኪራይ 250 ይቆርጣል፤ እጃችሁ ላይ የሚደርሰው 4,680 ይሆናል። ሁለተኛው ኩባንያ 78 ከመቶ ብቻ ይከፍላል፣ ግን ኢንሹራንሱንም ትሬለሩንም ራሱ ይችላል፤ የእሱም ሒሳብ 4,680 ነው። «88 ይከፍላሉ» እየተባለ በትራክ ማቆሚያው ሁሉ የሚወራለት ብልጫ ባዶ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ሌላ ነገር ነው፤ ባዶ የምትነዱት ማይል። በሳምንት 500 ማይል ባዶ የሚያስነዳችሁ ኩባንያ፣ ትራካችሁ በጋሎን 7 ማይል የሚሄድ ከሆነ፣ ከ70 ጋሎን በላይ ናፍጣ ከኪሳችሁ ያቃጥላል። ስለዚህ የምትገቡበትን ቤት፣ ማለትም ኩባንያ፣ ስትጠይቁ «ስንት ፐርሰንት?» ከማለታችሁ በፊት፣ በዚያ የሚሠራ ሹፌር ፈልጋችሁ የአንድ ወር የክፍያ ወረቀቱን እንዲያሳያችሁ ለምኑት።

ሌላው ጥያቄ መጋዘን ላይ ስለምትቆሙበት ሰዓት ነው። በ2017 መጨረሻ ኢኤልዲ (የሹፌሩን የሥራ ሰዓት በራሱ የሚመዘግበው ማሽን) ግዴታ ከመሆኑ በፊት ሎግ ቡክ፣ ማለትም የሰዓት መዝገቡ፣ በወረቀት ነበርና፣ ጭነት ሲጠበቅ የባከነውን ሰዓት በእስክሪብቶ የሚያቃና ሹፌር ጥቂት አልነበረም። ማሽኑ ሲመጣ ብዙ ነባር ሹፌሮች አማረሩ፤ ሥራውን የተዉም አሉ። እኔ ግን ደንቡ ያው መሆኑን ተቀብዬ ነው የቀጠልኩት፤ ቀድሞም የተፈቀደው ሥራ ከተጀመረ በኋላ ባለው 14 ሰዓት ውስጥ 11 ሰዓት መንዳት ነበር። የተለወጠው መደበቅ አለመቻሉ ብቻ ነው። እንዲያውም ለውጡ ለሹፌሩ አንድ የመደራደሪያ ማስረጃ ሰጥቶታል፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት መጋዘን ደርሳችሁ እስከ 7 ሰዓት ከቆማችሁ ማሽኑ መዝግቦታል፣ ያ ሰዓትም ከ14ቱ ላይ ተቀንሷል። የሚቀጥራችሁ ኩባንያ ለዚህ ለባከነው ሰዓት የሚጠየቀውን የማቆያ ክፍያ ከብሮከሩ (ጭነቱን ካገናኘው ደላላ) ተከራክሮ የሚያስከፍል መሆኑን፣ ካስከፈለም ለእናንተ ምን ያህሉን እንደሚሰጥ በውሉ ላይ አይታችሁ ፈርሙ።

ስለ ውል ካነሳሁ፣ በፌዴራል ደንቦች 49ኛ ርዕስ ሥር ያለውን ክፍል 376 አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ እንግሊዝኛው ቢከብዳችሁ የሚረዳ ሰው አይጠፋም። ደንቡ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ የምትከፈሉት መጠን በግልጽ እንዲቀመጥ ያስገድዳል። በፐርሰንት የምትከፈሉ ከሆነ የጭነቱን ትክክለኛ ዋጋ የሚያሳየውን ሰነድ ቅጂ ማየት መብታችሁ ነው። አስፈላጊውን ወረቀት ካስረከባችሁ በኋላ ክፍያው ከ15 ቀን ማለፍ የለበትም፤ ኢስክሮው የሚባለው መያዣ ገንዘብ ደግሞ ውሉ ካለቀ በ45 ቀን ውስጥ ሒሳቡ ተሠርቶ ሊመለስላችሁ ይገባል። እነዚህን ሁለት ቀኖች ደምሩና የመውጫ ዕቅዳችሁን በዚያ ልክ አውጡ፤ ያለ ሁለት ወር ስንቅ የሚወጣ ሰው፣ አዲሱ ቤት የሚሰጠውን ማንኛውንም ነገር ለመቀበል ይገደዳል። ጥር ላይ መልቀቅም አልመክርም፤ ከበዓላቱ በኋላ ሥራው ይቀዘቅዛል።

አወጣጡ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የያዛችሁትን ጭነት ሳታደርሱ አትውጡ፤ ትራክ ወይም ትሬለር መንገድ ላይ ጥሎ የሄደ ሹፌር ስሙ በሚቀጥለው ኩባንያ ፊት ይቀድመዋል፤ አዲሱ ኩባንያ ያለፉትን ሦስት ዓመታት የደህንነት ታሪካችሁን ከቀድሞ ቀጣሪዎቻችሁ የመጠየቅ ግዴታ አለበትና። የተጻፈባችሁን የማየትና ስሕተት ካለው የመከራከር መብት እንዳላችሁም አትርሱ። መልቀቂያችሁን በጽሑፍ ስጡ፤ ትሬለሩን በተባለው ቦታ አስረክባችሁ ጎማውንና ግድግዳውን በየጎኑ ፎቶ አንሡ፤ ፊርማም ተቀበሉ። በበሩ ላይ የተለጠፈውን የኩባንያውን ስምና የዲኦቲ ቁጥር (የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ የሰጠውን መለያ) በፀጉር ማድረቂያ አሙቃችሁ፣ ሙጫው እስኪጠፋ ልጣችሁ አንሡት፤ እሱንም ፎቶ አንሡት፣ ምክንያቱም ውሉ የመጨረሻ ክፍያችሁን በዚህ ላይ ሊያንጠለጥለው ይችላል። ከዚያ በኋላ የአዲሱ ኩባንያ ኢንሹራንስ እስኪጀምር ድረስ ትራኩን ከቆመበት አታንቀሳቅሱት። ወደ ግሮሰሪ እንኳ።

አዲሱ ቤት ስትገቡ የሚገጥማችሁ ፈተና ከወረቀት ይልቅ የጠባይ ነው። አገር ቤት በማኅበር ተራ ጠብቀው የሠሩ ታላላቆቻችን ጭነት በተራ እንደሚመጣ ለምደው ነበር፤ እዚህ ግን ዲስፓቸሩ ሎድ የሚሰጠው ለሚያውቀውና ለሚያምነው ነው፣ እናንተን ደግሞ ገና አያውቃችሁም። ሰዓት አክብራችሁ ድረሱ፤ ስትዘገዩ እሱ ሳይደውል ቀድማችሁ ደውሉ። «የድሮው ቤት እንዲህ ነበር» የሚለውን ንግግር ተዉት፣ ለማንም አይጠቅምም። ከደረቅ ጭነት ወደ ሪፈር (ማቀዝቀዣ ያለው ትሬለር) ወይም ወደ ፍላትቤድ (ግድግዳና ጣሪያ የሌለው ትሬለር) የምትሻገሩ ከሆነ፣ ሙቀት አጠባበቁንና ሸራ አወጣጡን ከናንተ በዕድሜ ከሚያንስ ልጅ መማር ቢመጣ እንኳ ሳታፍሩ ተማሩ። አንድ ሙሉ ወቅት ሳታሳልፉም ቤቱን አትፍረዱበት፤ ሁለት ቀዝቃዛ ሳምንት የየትኛውንም ኩባንያ ባሕርይ አያሳይም። ከዚህ የሚለየው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ በውሉ ላይ የሌለ ቅናሽ በክፍያ ወረቀታችሁ ላይ ካያችሁ፣ በዚያው ሳምንት፣ በትሕትና፣ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።