ካውንቲ ተሻግሬ ልማር?

ጥያቄ፦ በዲቪ መጥቼ ሜሪላንድ፣ ሃያትስቪል ነው የምኖረው። ግሪን ካርዴ ደርሶኛል። ነርሲንግ መማር እፈልጋለሁ። ጓደኛዬ ታኮማ ፓርክ፣ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ስለምትማር አብሬያት ልመዝገብ ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጓደኛ ጋር መማር ደስ ይላል። ቢሉ ሲመጣ ግን ለብቻሽ ነሽ! በሜሪላንድ የኮሚኒቲ ኮሌጅ ክፍያ የሚለየው በካውንቲ ነው። ለካውንቲው ነዋሪ ዝቅ ይላል፣ ከሌላ ካውንቲ ለሚመጣ ይጨምራል፣ ከስቴት ውጭ ለሚመጣ ደግሞ ይብሳል። ሃያትስቪል ያለው ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ ነው። ታኮማ ፓርክ ቅርብሽ ቢሆንም ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ስለዚህ ያንኑ ትምህርት ከካውንቲው ነዋሪ በላይ ከፍለሽ ልትማሪ ትችያለሽ። እኔ ብሆን መጀመሪያ ላርጎ ያለውን የፕሪንስ ጆርጅስ ኮሚኒቲ ኮሌጅ አያለሁ፤ ነርሲንግ እዚያም አለ።

ብዙዎች የሚሸወዱበት ሌላ ነገር አለ። ኮሌጁ ተቀበለሽ ማለት ነርሲንግ ገባሽ ማለት አይደለም። እንደ አናቶሚ ያሉ ቅድመ ኮርሶችን በጥሩ ውጤት ጨርሰሽ ለፕሮግራሙ እንደገና ታመለክቻለሽ። የእነዚህን ዝርዝር ከአማካሪ ተቀበይ፤ ያለዚያ የማያስፈልግ ኮርስ ላይ ገንዘብሽ ያልቃል።

ፋፍሳን (FAFSA፣ ለትምህርት የፌደራል የገንዘብ እርዳታ የሚጠየቅበትን ቅጽ) ዛሬውኑ ሙዪ። ግሪን ካርድ ስላለሽ ማመልከት ትችያለሽ፣ ቅጹም ነፃ ነው። «እኔ ልሙላልሽ፣ ክፈይኝ» የሚል ከመጣ አመስግነሽ ሸኚው።