መልስ፦ ስልክና ሞባይል አገራችን መቼ ገቡ?
አብሽር ወንድሜ፣ ስልክ በአፄ ምኒልክ ጊዜ ነው የገባው፣ በፈረንጆቹ 1894፣ ከሐረር አዲስ አበባም 477 ኪሎሜትር ሽቦ ተዘረጋ። ኢንተርኔት 1997፣ ሞባይል 1999 ላይ መጣ (ሁሉም በፈረንጆቹ ነው)። ቴሌ ኢትዮ ቴሌኮም የተባለው 2010 ነው፣ ሳፋሪኮም ደግሞ 2022 ስራ ጀመረ።

ለኔ ግን ከሁሉም ሞባይል ይበልጥብኛል፣ ምክንያቱም ልጅ ሆኜ ደሴ ከእማ ጋ ቴሌ ሄደን አግዳሚው ላይ ተራ እንጠብቅ ነበር፣ ጂዳ ካለችው አክስቴ ጋ ለማውራት፣ ስሟ ሲጠራ እማ ነጠላዋን ሰብስባ ሮጣ ትገባና ድምጿ ጂዳ እንዲደርስ ትጮሃለች፣ ውጭ ያለነው ሁሉ እንሰማታለን። አሁን ቡናዋን እያፈላች በኢሞ ፊቷን እያየች ታወራታለች፣ ወላሂ ሳያት እንባዬ ይመጣል።