በእንግዳ ስኒ፦ ስለ ስደት ልብ ወለዶች የጠየቃችሁኝ

ባለፈው፣ ውጭ አገር ያሉ አፍሪካውያን ስለሚጽፏቸው ልብ ወለዶች በጨረፍታ አንስቼ ነበር። ጥያቄው ከጠበቅሁት በላይ መጣ፤ ከዚሁ ከደብረ ብርሃን ብቻ ሳይሆን ከመሐል ሜዳም፣ ከሸዋ ሮቢትም። አብዛኛው ስለ መጽሐፍ ይጀምርና ስለ ወንድሙ ይጨርሳል። እኔም እንደዚያው አድርጌ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ፣ «ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር፣ የፈረንጅ ናቸው።

«ጋሼ፣ የመመረቂያ ጽሑፌ በአፍሪካ ዲያስፖራ ልብ ወለድ ላይ ነው። ‹ቢሎንጊንግ› የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ‹የባለቤትነት ስሜት› ብዬ ብጽፈው መምህሬ ሰረዘብኝ። ምን ልበለው?» (የሥነ ጽሑፍ ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን)

መምህርህ ደግ አደረገ። ባለቤትነት የመሬትና የሱቅ ነገር ነው። የምትፈልገው ቃል እናትህ ቤት አለ፤ ቤተኛ። ተቃራኒውም አለ፤ ባይተዋር።

ያክስቴ ልጅ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ከአሜሪካ መጣች። ቡና ተፈላ። አክስቴ ለራሷና ለጎረቤቶቿ የዘወትሩን ስኒ ደረደረች፤ አንዱ ጆሮው የተሰበረ፣ አንዱ ከንፈሩ የተሸረፈ። ለልጇ ግን ከቡፌው ውስጥ ወርቅ ቅቡን አወጣች። ክብር መስጠቷ ነው። ልጅቷ ጠጥታ ስትጨርስ ስኒውን ገለበጠችው፤ የዋጋው ወረቀት ከሥሩ አልተላጠም። «እማዬ፣ እንግዳ ነኝ እንዴ?» አለች። ሁላችንም ፈንዲሻ መዝገን ጀመርን።

ጽሑፍህን ከመጽሐፍ ጀምር ካሉህ ደግሞ አብዱልራዛቅ ጉርናን ያዝ። ዛንዚባር ተወልዶ በወጣትነቱ እንግሊዝ አገር የገባ፣ በ2021 የኖቤል ሽልማት ያገኘ ደራሲ ነው። በ2001 ባሳተመው «ባይ ዘ ሲ» ሳሌህ ዑመር የሚባሉ ሽማግሌ ለንደን አጠገብ ጋትዊክ አየር ማረፊያ ይደርሳሉ። እንግሊዝኛ ያውቃሉ፤ ግን የማያውቁ መስለው ይቆማሉ፤ እንዲያ እንዲያደርጉ ተመክረዋል። ከጓዛቸው መካከል ዑድ የሚባል የዕጣን እንጨት የተቀመጠባት አንዲት ሣጥን አለች። መርማሪው ይከፍታታል፣ ያሸታል፣ ያስቀራታል። ሰውዬው መጠጊያ ያገኛሉ፤ የቤታቸው ሽታ ከጠረጴዛው ማዶ ይቀራል። ዕጣን በሚጨስበት ቤት ላደገ ሰው ይህን ማብራራት አያሻም።

«ወንድሜ ዋሽንግተን ከገባ ሠላሳ ምናምን ዓመቱ ነው። ሲደውል ወሬው ሁሉ ስለ ደርግ ዘመን ነው። ልጆቼን በስም አያውቃቸውም። ረስቶናል ማለት ነው?» (የልጆች እናት፣ መንዝ መሐል ሜዳ)

እትዬ፣ ስለ ወንድምዎ እኔ ምን ዐውቃለሁ። እርሱን የሚመስል ሰው ግን ዐውቃለሁ። ዲናው መንግሥቱ በ2007 ባሳተመው «ዘ ቢውቲፉል ቲንግስ ዛት ሄቨን ቤርስ» ሴፋ እስጢፋኖስ የሚባል ኢትዮጵያዊ ዋሽንግተን ውስጥ፣ ሎጋን ሰርክል በሚባል ሰፈር፣ አቧራ የለበሰች ሱቅ አለችው። ሁለት ወዳጆች አሉት፤ ጆሴፍ ከኮንጎ፣ ኬኔት ከኬንያ። ሲሰበሰቡ አንድ ጨዋታ ይጫወታሉ፤ አንዱ የአንድ አምባገነን ወይም የመፈንቅለ መንግሥት አድራጊ ስም ይጠራል፣ ሌሎቹ አገሩንና ዓመቱን ይላሉ። ደግሞ እኮ አይሳሳቱም! የሴፋ አጎት በበኩላቸው ኢትዮጵያውያን በሞሉት ፎቅ ተቀምጠው ለፕሬዚዳንት ካርተር ደብዳቤ ይጽፋሉ።

መጀመሪያ ሳነበው ሣቅሁ። ሁለተኛ ሳነብ ሣቁ ጠፋ። እነዚህ ሰዎች አገራቸውን አልረሱም፤ የሚያውቁት ግን ጥለዋት በወጡ ቀን የነበረችውን ነው። ወንድምዎም የሚደውለው ትቶት ወደ ሄደው ዓመት ይመስለኛል። በሚቀጥለው ሲደውል ደርግን ሲያነሣ ይቁረጡትና ዘንድሮ ገብሱን ውርጭ መትቶት እንደሆነ፣ ትንሹ ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደገባ ይንገሩት። መጀመሪያ ዝም ይል ይሆናል። አይዘጋም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ዓምድ የኔ ስለሆነ። እነዚህ መጻሕፍት ሁሉ ማለት ይቻላል የሚቆሙት ከሄደው ሰው ጎን ነው። እኛ ደግሞ የምናነባቸው ከስልኩ ወዲህ ማዶ ሆነን ነው። ስለዚህ የኔ ዓይን የሚያርፈው ደዋዩ ላይ ሳይሆን ስልኩን ያነሣው ላይ ነው። ዚምባብዌያዊቷ ኖቫዮሌት ቡላዋዮ በ2013 በወጣው «ዊ ኒድ ኒው ኔምስ» ይህንን ሰው አፍ ሰጥታዋለች። ከቆርቆሮ ሰፈር ወደ አሜሪካ የሄደችው ዳርሊንግ ከአብሮ አደጓ ከቺፖ ጋር በኢንተርኔት ስታወራ «አገሬ» ትላለች። ቺፖ ታፈነዳዋለች፤ ቤቱ ሲቃጠል ጥለሽ ወጥተሽ ነው ዛሬ አገሬ የምትይው? ዳርሊንግ ኮምፒውተሩን ከግድግዳው ጋር አላተመችው። ቺፖ ልክ ነች አልልም። እንደዚያ ብለን የማናውቅ ከሆነ ግን፣ ያላልነው የሚላከው ብር እንዳይቋረጥ ፈርተን ነው።

«በእንግሊዝኛ የሚጽፉትን እነ ዲናውን ለምን የኛ ደራሲዎች ትላቸዋለህ? አማርኛ ያልጻፈ እንዴት የኛ ይሆናል?» (ጡረተኛ መምህር፣ ደብረ ሲና)

የኔታ፣ ይህን ጥያቄ ከደብረ ሲና ባይልኩልኝ ኖሮ እፈራ ነበር። የከተማዎ ልጅ ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»ን በ1962 ዓ.ም. በአማርኛ አወጣ፤ በ1973 ደግሞ «አሥራ ሦስተኛው ፀሐይ» የሚል ትርጉም ያለውን ልብ ወለዱን በእንግሊዝኛ ለንደን ላይ አሳተመ። ታሪኩ ታማሚ አባት ተይዘው ወደ ዝቋላ የሚደረግ ጉዞ ነው። በየትኛው ሚዛን «አደፍርስ» የኛ ሆኖ ሁለተኛው የባዕድ ይሆናል?

ወደ ኋላ ልሂድ ካሉም፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ»፣ በ1908 የታተመው ሮም ነው። ባለታሪኳም አባቷን ተከትላ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ከቤቷ ወጥታ የምትንከራተት ልጅ ነች። ልብ ወለዳችን ገና ሲወለድም በሰው አገር ነበረ። ዲናው ከአዲስ አበባ ሲወጣ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበር፤ የሚጽፍበትን ቋንቋ እርሱ አልመረጠም። መዓዛ መንግሥቴ ደግሞ ጣሊያንን የተዋጉ ሴቶችን ታሪክ «ዘ ሻዶው ኪንግ» ብላ ጽፋ በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገባች። ያስቆጨኝ ሌላ ነው፤ መጽሐፉ በየትኛውም የከተማችን መደርደሪያ ላይ አላየሁትም።

«አፍሮፖሊታን ምንድን ነው?» (ስም አልጻፈም)

ደራሲዋ ታይዬ ሴላሲ በ2005 በጻፈችው መጣጥፍ የገነነ ቃል ነው፤ በለንደንም በሌጎስም ቤተኛ ነኝ የሚል፣ የተማረ፣ ቪዛ የማያስጨንቀው አፍሪካዊ። ለጥቂቶች ይሆናል። ከዚህ ይልቅ የልብ ወለዷን ርእስ እወድላታለሁ፤ «ጋና መስት ጎ»፣ «ጋና መሄድ አለባት» ማለት ነው። በ1983 ናይጄሪያ ጋናውያንን ስታባርር ጓዛቸውን የከተቱበት ያ ባለ መስመር የላስቲክ ሻንጣ ስሙ ይኸው ነው። መናኸሪያ ሄደህ ዙሪያህን ተመልከት፤ ታገኘዋለህ።

«ከኛ አካባቢ ዓረብ አገር ያልሄደች ልጅ ያለበት ቤት ጥቂት ነው። የነሱ ልብ ወለድ ለምን የለም?» (የሱቅ ባለቤት፣ ሸዋ ሮቢት)

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ይህ ከበደኝ። እስካሁን ካነሣኋቸው ባለታሪኮች ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ፣ ወረቀት የሚጠብቁ፣ ቢያንስ ማታ በራቸውን ዘግተው የሚተኙ ናቸው። ቤሩትና ጅዳ ያለች የቤት ሠራተኛ በከፋላ ሥርዓት ስሟ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፓስፖርቷም አሠሪዋ እጅ ነው። መቼና የት ተቀምጣ ትጽፍ? በጅቡቲ፣ በኦቦክ አድርጋ ባሕር የተሻገረችው ደግሞ ያየችውን ለእናቷም አትነግር።

ሱለይማን አዶንያ በ2008 ባወጣው ልብ ወለዱ ጅዳ የሚኖር ኤርትራዊ ስደተኛ ወጣትን አሳይቶናል፤ እሱም ወንድ ነው። የልጆቹ ታሪክ እስከ ዛሬ ያለው በኢሞ በሚላክ የድምፅ መልእክት ውስጥ ነው፤ ከጀርባ የዕቃ ማጠቢያው ውኃ ይሰማል፣ ልጅቷ ታንሾካሹካለች፣ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ትላለች። እርስዎ ስልክ ላይ ካሉ አያጥፏቸው።

«ተመልሶ የኖረ ሰው ያለበት ልብ ወለድ አለ? ሁሉም ሲሄድ ብቻ ነው የማነበው።» (አንባቢ፣ አንኮበር)

አለ። የናይጄሪያዋ ቺማማንዳ አዲቺ «አሜሪካና» (2013) መንገድ የሚጀምረው ኢፌሜሉ ጸጉሯን ልትሠራ ከፕሪንስተን ባቡር ይዛ ትሬንተን ስትሄድ ነው፤ ልትመለስ ስለሆነ። ሌጎስም ትገባለች። የካሜሩኗ ኢምቦሎ ምቡዌ «ቢሆልድ ዘ ድሪመርስ» (2016) ውስጥ ባል ጄንዴ ኒው ዮርክን በቃኝ ይላል፤ ሚስቱ ኔኒ መሄዱን አትፈልገውም። ካሜሩን፣ ሊምቤ ሲደርሱ መጽሐፉ ያልቃል። እኔ ማወቅ የምፈልገው ግን የማግሥቱን ነው፤ ጠዋት ቡና ሲፈላ የትኛው ስኒ ይወጣላቸዋል?

ያክስቴ ልጅ ሦስት ሳምንት ቆይታ ተመለሰች። ወርቅ ቅቡ ስኒ አሁንም ቡፌው ውስጥ ነው። የዋጋውን ወረቀት ግን አክስቴ ልጣዋለች።