ውሻዬ ስብ አይበላም፤ ኮሌስትሮሉ ከየት መጣ?

የጠያቂያችን ጉዳይ ይሄ ነው። በጎቻቸውን የሚጠብቅ የ9 ዓመት ውሻ አላቸው። ውሃ አይጠግብም፣ ሽንቱ በዝቷል፣ ቦርጭ አውጥቷል፣ የጎኑ ፀጉር ግራና ቀኝ እኩል ረግፏል። ደሙ ሲመረመር ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ ሆርሞን የሚያመነጭ እባጭ ጠረጠረ። "ስብ ካቆምኩበት ቆየሁ፤ እባጭና ኮሌስትሮልን ምን አገናኛቸው?" ይላሉ።

በደንብ ይገናኛሉ። ኮሌስትሮልን ጉበት ራሱ ይሠራዋል፤ ምን ያህል እንደሚሠራ ደግሞ ሆርሞን ያዘዋል። ከአንጎል ሥር ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ ዕጢ አለች። እዚያ እባጭ ሲወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ካንሰር ባይሆንም፣ ኩላሊት አጠገብ ያሉትን አድሬናል ዕጢዎች ያለ እረፍት ያነሳሳቸዋል፣ እነሱም ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመርታሉ። ኮርቲሶል ሲበዛ የተከማቸው ስብ ወደ ደም ይለቀቃል፤ ጉበትም እሱን ከኮሌስትሮል ጋር ጠቅልሎ መልሶ ወደ ደም ይልካል። ስለዚህ ምግቡን ቢቀንሱበት ውሻው ይራባል እንጂ ቁጥሩ ብዙም አይወርድም።

በቤተ ሙከራ አይጦችም ያው ነው። እንደ ኮርቲሶል የሚሠራውን ዴክሳሜታዞን የተባለ መድኃኒት ለቀናት ሲወጉ የደም ስባቸው ይጨምራል። አንገታቸው ላይ ያለው ታይሮይድ ዕጢ ተቆርጦ ሲወጣ ደግሞ ኮሌስትሮላቸው ይጨምራል፣ ሆርሞኑ ሲመለስላቸው ይወርዳል። ሁሉም ሆርሞን ወደ አንድ አቅጣጫ አይገፋም ማለት ነው፤ የታይሮይድ ሆርሞን የሚያበዛ እባጭ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ በወረደ ነበር። የደም ሥሩ ይደፈናል ብለው ግን ብዙ አይጨነቁ። አይጥም ውሻም አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሸከሙት ጥሩ በሚባለው ዓይነት ነው፤ እንደ ሰው ቶሎ አይደፈንባቸውም።

አሁን ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቁልኝ። ደሙ ሲቀዳ ውሻው በልቶ ነበር? 12 ሰዓት ያህል ካልጾመ ውጤቱ ያሳስታል። ታይሮይዱስ ታይቷል? ታይሮይድ ሲያንስም ኮሌስትሮል ይጨምራል፣ ፀጉርም ይረግፋል። ሦስተኛውን እኔ ከሁሉም አስቀድመዋለሁ፦ ለማሳከክ ተብሎ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን (ሁለቱም እንደ ኮርቲሶል ይሠራሉ) ሲሰጠው ቆይቷል? ያለ ምንም እባጭ ልክ ይህንኑ በሽታ ያመጣል። እየወሰደ ከሆነ ግን በራስዎ ድንገት እንዳያቋርጡት፣ አደገኛ ነው፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል።

ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ምርመራ። ትንሽ ዴክሳሜታዞን ይወጋና ከ4 እና ከ8 ሰዓት በኋላ ደሙ ይታያል፤ ኮርቲሶሉ አልወርድ ካለ ጥርጣሬው ይጠናከራል። መድኃኒቱ ብዙውን ጊዜ ኮርቲሶልን የሚቀንሰው ትሪሎስታን ነው፣ ከምግብ ጋር ይሰጣል። ውሻው ካስመለሰው፣ ምግብ እምቢ ካለ ወይም ከተዝለፈለፈ መድኃኒቱን ያቁሙና ወዲያው ለሐኪሙ ይደውሉ። ኮሌስትሮሉ ኮርቲሶሉን ተከትሎ ይወርዳል። እስከዚያው ሽንቱ ቢያስቸግርዎትም ውሃ አይከልክሉት።